«ስሙን አስመዝግቤያለሁ» ሲባል የተመዘገበው ምንድን ነው?

በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጭቅጭቅ አለ። የባልትና ነጋዴው የእሱን የሚመስል የሽሮ ማሸጊያ በሌላ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ፎቶ ያነሳና «ስሜን ሰረቁኝ» ብሎ ይለጥፋል። ከሥሩ አስተያየት ይጎርፋል። አንዱ «ፓተንት ብታወጣ ኖሮ» ይለዋል። ሌላው «ኮፒራይት አለህ፣ ክሰሰው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ንግድ ፈቃድህ ላይ ስሙ እስካለ ድረስ ማን ይነካሃል» ብሎ ያጽናናዋል። ሦስቱም የሚናገሩት በቅንነት ነው፤ ግን ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። ነጋዴው በእጁ ሊኖረው ይገባ የነበረው ወረቀት ደግሞ ከሦስቱም አንዱ አይደለም።

ግርታው የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ። የሚያሳስበው ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ሰው የቱ ወረቀት የቱን እንደሚጠብቅ ሳይለይ ዓመታት ይነግዳል፣ ለማስታወቂያ ያወጣል፣ ደንበኛ ስሙን ይለምደዋል፤ ስሙ በሕግ ፊት የእሱ እንዳልሆነ የሚረዳው ሌላ ሰው ሲይዘው ነው።

ንግድ ቢሮ የሰጠው ወረቀት

ነገሩ የሚጀምረው ከንግድ ቢሮ ነው። ሥራ ሊጀምር የሄደ ሰው ሁለት ሦስት ስም ይዞ ይቀርባል፤ «ይህ ተይዟል፣ ያኛው ነፃ ነው» ይባላል፤ ነፃው ይመዘገብለትና ምስክር ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ «ስሜን አስመዝግቤያለሁ» ቢል አልዋሸም። የተመዘገበለት ግን የንግድ ስም ነው። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መዝገብ የሚገባ መጠሪያ ሲሆን «ነጋዴው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ግብር ከፋዩን፣ ውል ፈራሚውን፣ ተከሳሹን ይለያል።

የንግድ ምልክት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ይህ ዕቃ የማን ነው?» የሚለውን። ሸማቹ ሱቅ ቆሞ «ያንን ስጠኝ» ብሎ የሚያሳየው ነገር ማለት ነው። ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ የቀለም ቅንጅት ወይም የማሸጊያው ቅርጽ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው መለየት መቻሉ ነው። የሚመራውም በሌላ ሕግ፣ ማለትም በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 273/2005 ነው። የሚመዘግበው ንግድ ቢሮ ሳይሆን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በአንድ የንግድ ስም እየሠራ ሽሮውን በአንድ ምልክት፣ በርበሬውን በሌላ ምልክት ሊሸጥ ይችላል። ሸማቹ የማኅበሩን ስም ዕድሜ ልኩን ላይሰማውም ይችላል።

ፓተንት ከሁለቱም የራቀ ነው። ለአዲስ ፈጠራ ማለትም ለቴክኒክ ችግር ለተገኘ መፍትሔ የሚሰጥ መብት ነው። ቃሉ በእኛ ዘንድ ከስም ጋር የተቀላቀለው፣ እንደሚመስለኝ፣ ብዙ ካነጋገረው የጤፍ ጉዳይ የተነሳ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ በኔዘርላንድ ያለው ፓተንት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በሄግ ፍርድ ቤት ተሻረ። ያ ክርክር ዱቄቱ ስለሚዘጋጅበት መንገድ እንጂ በከረጢቱ ላይ ስለሚጻፍ ስም አልነበረም።

የቅጂ መብት፣ በተለምዶ ኮፒራይት የምንለው፣ የሚጠብቀው ደግሞ የፈጠራ ሥራን ነው። ሥዕሉን፣ ፎቶውን፣ የማስታወቂያውን ዜማና ግጥም፣ የካታሎጉን ጽሑፍ፣ ሶፍትዌሩን ይጠብቃል። ሐሳቡን ራሱን አይጠብቅም፤ አንድ ወይም ሁለት ቃል የሆነ ስምንም አይሸከምም። ስለዚህ የሽሮው ነጋዴ «ኮፒራይት አለኝ» ብሎ ስሙን ማስጣል አይችልም። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል መስመር በመስመር ተገልብጦ ከሆነ ግን በዚያ በኩል በር አለው። ሎጎ የሚባለው ነገር ከሁለት ወገን የሚጠበቅ እንግዳ ፍጥረት ነው፤ እንደ ሥዕል በቅጂ መብት፣ እንደ መለያ በንግድ ምልክት።

መብቱ የሚወለድበት ሰዓት

በሁለቱ መብቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አወላለዳቸው ነው። የቅጂ መብት ሥራው ከተፈጠረና በወረቀትም ሆነ በኮምፒዩተር መልክ ይዞ ከተቀመጠበት ቅጽበት ጀምሮ አለ። ባለሥልጣኑ ሥራዎችን መዝግቦ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ጥቅሙ ግን ለማስረጃነት ነው፤ ሥራውን መቼ ማን ይዞት እንደቀረበ ያሳያል። መብቱ ከምዝገባው በፊትም ነበረ።

የንግድ ምልክት በተቃራኒው ነው። አዋጁ ባለቤትነት የሚገኘውና በሌሎች ላይ መቃወሚያ የሚሆነው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው ይላል። አሥር ዓመት የተጠቀመበትና ማመልከቻ ያላስገባ ሰው፣ ትናንት ካመለከተው ሰው ጋር ሲጋጠም በደካማው ወገን ይቆማል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዘመድ ምክር ሲሰጡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ስሙን በገበያ ላይ በመጠቀም ብቻ፣ ሳይመዘገብም፣ በተጠቀሙበት አካባቢ ልክ መብት ይገኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚሠራው ምክር መርካቶ ላይ አይሠራም።

«ቀድሞ የደረሰ ያግኝ» የሚለው ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። የሚነቅፉት ወገኖች የሰው ልፋት እያዩ ሮጠው የሚያስመዘግቡ ብልጣ ብልጦችን ይጋብዛል ይላሉ፤ በተለይ ሕጉን የማያውቀው ትንሹ ነጋዴ ተጎጂ ነው። የሚደግፉት ደግሞ መዝገብ ባይኖር ኖሮ «መጀመሪያ እኔ ተጠቀምኩ» የሚለውን በምስክር ቃል ማጣራት ለፍርድ ቤትም ለነጋዴም መከራ ይሆን ነበር፤ መዝገብ ማንም ሄዶ የሚያየው ነገር ነው ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ሆኖም ይህ የሚሆነው መዝገቡን ማየት ቀላል ሲሆን ብቻ ነው።

ሕጉም ያልተመዘገበውን ሜዳ ላይ አልጣለውም። ማመልከቻ ሲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የሚቃወም በጊዜው ይቃወማል። በሰፊው የታወቀ ምልክት ባይመዘገብም የተወሰነ ከለላ አለው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹን የሚያሳስት፣ አንዱን ድርጅት ከሌላው የሚያምታታ ድርጊትን ተገቢ ያልሆነ ውድድር አድርጎ ይከለክላል። በእነዚህ መንገዶች የሚሄድ ሰው ግን መታወቁን፣ መምታታቱን፣ መጎዳቱን አንድ በአንድ ማስረዳት አለበት። ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይህን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

የቱ ስም ይመዘገባል፣ የቱ አይመዘገብም

አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የባልትና መደርደሪያ ፊት ቆሞ ማሸጊያዎቹን ማንበብ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። መሶብ፣ ጀበና፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከሥር ቀይና ቢጫ። «ምርጥ»፣ «ንጹሕ»፣ «የባህል»፣ «የእናት ሙያ»። እያንዳንዱ ባለቤት ማሸጊያውን የራሱ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በሕጉ ዓይን ግን አብዛኛው የጋራ ንብረት ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ሌላው ሽሮ ሻጭም ሽሮውን «ንጹሕ» ብሎ የመጥራት መብት አለውና። መሶብን እንደ መሶብ ማንም አይይዘውም። ሊያዝ የሚችለው አንድ የተወሰነ ሠዓሊ የሳለው አንድ የተወሰነ መሶብ ነው።

እንደ ሐበሻ፣ አቢሲኒያ፣ ሉሲ፣ ጣና ያሉት ተወዳጅ ስሞች መካከለኛ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። መዝገቡ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሁሉም የሚወዳቸው በመሆናቸው ተጨናንቀዋል፤ ቢመዘገቡም ጥበቃቸው የሳሳ ነው። በሰውም ሆነ በመዝገብ ፊት ጠንካራው ምልክት ከዕቃው ጋር ዝምድና የሌለው ወይም ጨርሶ ያልነበረ ቃል ነው። እዚህ ላይ የገበያ ባለሙያና የሕግ ባለሙያ ምክር ይጋጫል። የመጀመሪያው «ሰው ሲሰማው ምን እንደምትሸጥ የሚገባው ስም አውጣ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሲሰማው ምንም የማይነግረው ስም አውጣ» ይላል። ሁለቱም ከራሳቸው አንጻር ልክ ናቸው። የገበያው ምክር የሚያተርፈው በመጀመሪያው ዓመት ሲሆን የሕጉ ደግሞ በአሥረኛው ነው።

በፊደላችን የተነሳ የሚመጣ የራሳችን ጣጣም አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» እያቀያየርን ቢያንስ በስድስት ዓይነት ልንጽፈው እንችላለን፤ ሲነበብ ግን አንድ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ መንገድ ይጽፈዋል። የምልክቶች መመሳሰል የሚለካው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮና በትርጉምም ስለሆነ፣ «የእኔ በፀሐዩ ፀ ነው፣ የእሱ በጸሎቱ ጸ ነው» የሚል መከላከያ ብዙ አያራምድም። ማመልከቻ የሚያስገባ ሰውም ቃሉን በአማርኛ ብቻ አስመዝግቦ ማሸጊያው ላይ በላቲን ፊደል በትልቁ ከጻፈው፣ የተመዘገበውና የሚጠቀምበት ነገር ተለያየበት ማለት ነው።

ምዝገባው ለሁሉም ዓይነት ዕቃ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ ዕቃዎችን በ34፣ አገልግሎቶችን በ11፣ በድምሩ በ45 መደቦች ይከፍላል። ቡና፣ ቅመማ ቅመምና ዱቄት 30ኛው መደብ ውስጥ ናቸው፤ ምግብ ቤት 43ኛው። ቢራና ውሃ 32ኛው ላይ ሲሆኑ ጠጅ ግን ወደ 33ኛው ይሄዳል። የቡና ቆይው ስሙን በ30ኛው ብቻ አስመዝግቦ በዓመቱ ካፌ ቢከፍት፣ ካፌው በዚያ ምዝገባ ውስጥ የለም። በአንጻሩ ሁሉንም መደብ ልያዝ ማለትም አያዋጣም፤ ክፍያው በየመደቡ ነው፣ የማይሠሩበትን መደብ መያዝ ደግሞ፣ ወደፊት እንደምናየው፣ ዋስትና የለውም።

ሎጎውን የሠራው ልጅ

የንግድ ቤቶች የቅጂ መብት ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከውጭ ሌባ ጋር አይደለም፤ ከራሳቸው ዲዛይነር ጋር ነው። እንበልና አንድ ቡና ቆይ ለዲዛይነር በቴሌግራም «ጀበና ያለበት፣ ግን ዘመናዊ የሆነ» ብሎ ይጽፋል። ልጁ ሦስት አማራጭ ይልካል፤ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ገንዘቡ በሞባይል ይላካል፤ ሎጎው በምስል ፋይል ይመጣል። በቃ። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሸጊያው ሊቀየር ሲል ማተሚያ ቤቱ ዋናውን ፋይል ይጠይቃል፤ ዋናው ፋይል ደግሞ ከልጁ ኮምፒዩተር ወጥቶ አያውቅም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እዚህ ላይ ለነጋዴው ያደላል። በሥራ ቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም ያሠራው ሰው ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚህ ይለያል፤ እዚያ ተቀጣሪ ያልሆነ፣ በራሱ የሚሠራ ዲዛይነር በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር ባለቤትነቱ ከእሱ ጋር ይቀራል። ሜሪላንድ ያለ ምግብ ቤት አዲስ አበባ ላለ ዲዛይነር ሎጎ ሲያሠራ የየትኛው አገር ደንብ እንደሚገዛ መከራከር ይቻላል። በሁለት መስመር የጽሑፍ ስምምነት መገላገልም ይቻላል።

ሕጉ ለአሠሪው ያደላል ሲባል ሁሉንም ይሰጠዋል ማለት ግን አይደለም። የቅጂ መብት ሁለት ገጽ አለው። ሥራውን ማባዛት፣ መሸጥ፣ መቀየር፣ ለሕዝብ ማቅረብ የኢኮኖሚ መብት ይባላል፤ ይህ ይሸጣል፣ ይተላለፋል። የሠሪው ስም እንዲጠቀስና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት ደግሞ የሞራል መብት ነው፤ ይህ ከሰውየው ጋር ይቆያል። ደግሞም ከላይ ባለው ምሳሌ ውል መኖሩን፣ የተላከው ገንዘብ የዚያ ሥራ ዋጋ መሆኑን ማስረዳት የነጋዴው ሸክም ነው። ያልተመረጡት ሁለት አማራጮች የማን እንደሆኑም በቴሌግራሙ ጽሑፍ ላይ አልተወራም። ዲዛይነሩ አንዱን ለሌላ ቡና ቆይ ቢሸጠው ሁለት የሚመሳሰሉ ጀበናዎች ገበያ ላይ ይወጣሉ።

ከሎጎው ይልቅ የሚያደናግረው የማስታወቂያ ሙዚቃ ነው። አንድ የታወቀ ዘፈን ውስጥ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ድምፃዊው እና አሳታሚው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከድምፃዊው ጋር ተጨባብጦ «ፈቅዶልኛል» ማለት ከአምስቱ ከአንዱ ጋር መስማማት ብቻ ነው። ክሱ ወደ ፍርድ ቤት ባይደርስ እንኳ ዩቲዩብ አይጠብቅም፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ቅጣት የደረሰበትን ቻናል ሊዘጋ ይችላል፤ ከዚያ ጋር የዓመታት ቪዲዮ አብሮ ይሄዳል። ከኢንተርኔት የተወሰደ የቡና ማፍላት ፎቶም ከዚህ የተለየ አይደለም። «ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት» ማለት ዕቃውን መንገድ ላይ አገኘሁት እንደማለት ነው፤ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ምስክር ወረቀቱ ከወጣ በኋላ

ምስክር ወረቀቱን ፍሬም አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የምልክት ምዝገባ ጸንቶ የሚቆየው ለ7 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ምስክር ወረቀቱ ከተሰጠበት ሳይሆን ማመልከቻው ከገባበት ቀን ነው። በመስከረም 2011 አመልክቶ በ2012 ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ጊዜው የሚያልቀው በ2018 መግቢያ ላይ ነው እንጂ በ2019 አይደለም። ከዚያ በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ያለ ገደብ ሊኖር ይችላል። የቅጂ መብት ግን እድሳት የለውም፤ የሠሪው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ለፎቶግራፍ 25 ዓመት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ ቢባል መልሱ ደስ ይላል። የዓለም ንግድ ድርጅት ስለ አእምሯዊ ንብረት ያወጣው ስምምነት ለምልክት ምዝገባ «ከ7 ዓመት ያላነሰ»፣ ለቅጂ መብት በጥቅሉ 50 ዓመት ይላል። ኢትዮጵያ ለድርጅቱ አባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ሁለቱ አዋጆች ደጁን ሳያልፉ ልክ ደፉ ላይ ቆመዋል። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ለምልክት 10 ዓመት፣ ለቅጂ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይሰጣሉ። አጭሩን መምረጥ ለታዳጊ አገር ብልህነት ነው የሚሉ አሉ፤ ማንበብና መማር የሚፈልገው ሕዝብ ከመብት ባለቤቱ ይበዛልና። ለምልክት ግን ይህ ክርክር ብዙም አይሠራም። 7 ዓመት ሲሆን የሚጠቀም የለም፤ ቀን የሚረሳው ይበዛል እንጂ።

መጠቀምም ግዴታ ነው። በተከታታይ ለ3 ዓመት ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ጥቅም ያለው ሰው ሲጠይቅ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዳይዘው ብሎ መደብ ላይ መደብ የደረደረ ሰው ያጠረው ባዶ መሬት ነው፤ አጥሩ ከ3 ዓመት በኋላ ይነቃነቃል።

ከሁሉም ይልቅ ንግድ ቤቶችን የሚያናጋው ግን ምልክቱ በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ይመስላል። ብዙው ንግዳችን የሚጀመረው በባልና ሚስት፣ በወንድማማች ወይም በጓደኛ ነው። ማመልከቻውን ይዞ የሄደው አንዱ ነው፤ በራሱ ስም ይፈርማል፤ ያን ቀን ማንም ክፉ አላሰበም። ማኅበር ሲቋቋም ሕንፃው፣ ማሽኑ፣ መኪናው በመዋጮነት ይዘረዘራል፤ ምልክቱ ይረሳል። ሲለያዩ አንዱ ማሽኑን፣ ሌላው ስሙን ይዞ ይወጣል፤ ሸማቹ የሚከተለው ደግሞ ስሙን ነው። የቴሌግራም ቻናሉና የቲክቶክ ገጹ ይለፍ ቃል የወንድም ልጅ ጋ መሆኑ የዚሁ ታሪክ ሌላው ክፍል ነው። ይህን አዋጅ አያስተካክለውም፤ የመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ የሚገባ አንድ አንቀጽ ያስተካክለዋል።

ስሙን ለሌላ ማከራየት፣ ማለትም ፈቃድ መስጠት ወይም ሰፋ ሲል ፍራንቻይዝ፣ በቃል የሚደረግ ነገር አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ባለሥልጣኑ ዘንድ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገን ላይ ማንሳት ያስቸግራል። ሰጪው ጥራቱን ካልተቆጣጠረ ደግሞ ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፍ ያበላሸው ወጥ አዲስ አበባ ያለውን ቤት ያስወቅሳል።

ከባድ ቅጣት፣ ቀላል ማስመሰል

አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሆን ብሎ የሌላውን የተመዘገበ ምልክት መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት። በፍትሐ ብሔር በኩል ድርጊቱን ማስቆም፣ ዕቃው እንዲያዝ ማድረግ፣ ካሣ መጠየቅ ይቻላል፤ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ጉምሩክ እንዲያግደው ማመልከትም ይቻላል። የቅጂ መብቱ አዋጅ በ1996 ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ከከበደ ማስመሰል ለምን በዛ? አንዱ ወገን ችግሩ አፈጻጸም ነው ይላል፤ ባለሙያ ያንሳል፣ መርማሪው የተመሳሰለውን ከተፈቀደው መለየት አልለመደም፣ ባለመብቱ ራሱ አይከታተልም። ሌላው ወገን ቅጣቱ ራሱ ችግር ነው ይላል። የመርካቶ ትንሽ ነጋዴ ማሸጊያ ኮረጀ ተብሎ 5 ዓመት እንዲታሰር የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሳሹም እንኳ ያመነታል፤ ውጤቱም ቅጣቱ እንዳለ ሆኖ አለመነካቱ ነው። ሁለተኛው ክርክር በቂ ትኩረት ያላገኘ ይመስለኛል። ለትንንሽ ጥሰቶች መጠነኛ የገንዘብ ቅጣትና ዕቃውን መውረስ ብቻ ያለበት አጭር መንገድ ቢኖር፣ ነጋዴው ዛቻ ሳይሆን መፍትሔ ይኖረው ነበር።

በተግባር ብዙው ነገር ከፍርድ ቤት በፊት ያልቃል። የተኮረጀ ማሸጊያ የግድ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ያልፋል። ምስክር ወረቀቱን አያይዞ ለአስመሳዩም ለማተሚያ ቤቱም ለአከፋፋዩም የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ፣ «አላወቅኩም ነበር» የሚለውን መልስ ስለሚዘጋ፣ ከክሱ ይልቅ ያስፈራል።

ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ

እስካሁን የተነሳው ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ተሰብስቦ የታየው በቡናችን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። ይርጋጨፌ አለፈ። ሐረርና ሲዳሞ ላይ ግን መዝጋቢው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ እምቢ አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ስሞቹ የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ሆነዋል ብሎ ተቃወመ። የባልትናው መደርደሪያ ላይ «ንጹሕ» የሚለው ቃል የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል ያዘለ ስም ለራሱ ለማስመዝገብ ጠይቆ ነበር። ያን ቡና ፓውንዱን እስከ 26 ዶላር ይሸጠው እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል።

ክርክሩ ስታርባክስና ኢትዮጵያ ብቻ የተፋጠጡበት አልነበረም፤ የሁለት የሕግ መሣሪያዎችም ክርክር ነበር። ኩባንያው የሚሻለው የአካባቢ ማረጋገጫ ነው አለ፤ ቡናው በእርግጥ ከዚያ ቦታ መምጣቱንና ደረጃውን ማሟላቱን እየመረመሩ የሚሰጥ ምስክርነት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ወገን መልስ ተግባራዊ ነበር። ቡናው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ጓሮ እየተለቀመ፣ በሰው ጀርባና በአህያ እየተጫነ፣ በብዙ እጅ እያለፈ የሚሰበሰብ ነው፤ እያንዳንዱን ጆንያ ከየት እንደመጣ መመርመር ከቡናው ዋጋ በላይ ያስወጣል። የንግድ ምልክት ግን ቁጥጥሩን ገበሬው በር ላይ ሳይሆን ገዢው በር ላይ ያደርገዋል፤ ስሙን መጠቀም የፈለገ ቆዪ ፈቃድ ይፈርማል። ዓለም አቀፉ የእርዳታ ድርጅት ኦክስፋም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ኢትዮጵያን ደግፎ ዘመቻ ጀመረ፤ በሰኔ 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ስምምነት ፈረሙ። ሐረርና ሲዳሞም ቆይተው ተመዘገቡ። በጃፓን ተመሳሳይ ሙግት ተነስቶ የአገሪቱ ቡና ማኅበር ምዝገባዎቹን ሊያሽር ሞክሮ ነበር፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2010 እስከ አእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ውጤቱን በተመለከተ ዛሬም ሁለት አስተያየት አለ። ደጋፊዎቹ አንድ ድሀ አገር የራሱን ቡና ስም ሌላ ሰው እንዳይዘው አስቀርቷል፣ በድርድርም አቅሙን ከፍ አድርጓል ይላሉ። ተቺዎቹ ፈቃዱ ያለ ክፍያ መሰጠቱን፣ በየአገሩ የማስመዝገብ፣ የማደስና የመከታተል ወጪ ግን የማያቋርጥ መሆኑን ያነሳሉ፤ የዓለም ዋጋ በየጊዜው ሲወጣና ሲወርድ የስሙ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ነጥሎ ማሳየት ይከብዳል ይላሉ። አንዱ ነገር ግን አያከራክርም፤ ምዝገባ ድንበር አይሻገርም። የአሜሪካው ምዝገባ ጃፓን ላይ አልሠራም፤ እዚያም እንደገና መሟገት አስፈልጓል። በርበሬውን ወደ ዱባይ ወይም ወደ አውሮፓ የሚልክ ነጋዴም የአዲስ አበባውን ምስክር ወረቀት ይዞ እዚያ አይከላከልም። ያስመጪው ወኪል በራሱ ስም ቀድሞ ካስመዘገበ፣ ላኪው በገዛ ስሙ ለመሸጥ ፈቃድ ጠያቂ ይሆናል።

ዛሬ ደግሞ ያኔ ያልታሰበ ጥያቄ መጥቷል። «ሲዳሞ» የቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ነበር። ክልሉ ከ2012 ጀምሮ ሲዳማ ነው፤ ብዙ የአካባቢው ተወላጆችም የመጀመሪያውን ስም አይወዱትም። ቡና ቆዪዎች ከረጢታቸው ላይ «ሲዳማ» ብለው መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። የተመዘገበው ግን «ሲዳሞ» ነው።